ማሳጅ ትምህርት ጀመርኩ፣ ቃላቱ ግን አስለቀሱኝ

ጥያቄ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የማሳጅ ቴራፒ ትምህርት ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆነኝ። የእጅ ሥራው ላይ ችግር የለብኝም። የአናቶሚ ቃላቱ ግን ሊያሳብዱኝ ነው። ማታ ማታ አንድ በአንድ ወደ አማርኛ ተርጉሜ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ፣ ፈተና ላይ ስቀመጥ ይደበላለቅብኛል። በዚህ ያለፋችሁ እስቲ እንዴት እንዳጠናችሁ ንገሩኝ።

መልስ፦

አይዞሽ እህቴ። እኔም ሁለት ደብተር ሙሉ ተርጉሜ ነበር፣ የጣለኝም እሱው ነው። አማርኛ ቃል አጥቶ አይደለም። አካልን የሚከፋፍልበት ቦታ ሌላ ስለሆነ ነው።

“እግር”ን እዪው። ለእኛ ከዳሌ ጀምሮ እስከ ጣት ድረስ ሁሉም እግር ነው። በአናቶሚ ሌግ የሚባለው ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት ያለው ብቻ ነው። ከጉልበት በላይ ያለው ጭን፣ ከቁርጭምጭሚት በታች ያለው ፉት፣ እያንዳንዱ ለብቻው ነው የሚቆጠረው። “እጅ”ም እንዲሁ ነው። “እጄን አመመኝ” ብሎ የመጣ ሰው ሲጠየቅ ትከሻው ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ “በጣትህ አሳየኝ” ማለት ልመጂ።

ከሁሉ የባሰው ግን “ጅማት” ነው። ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘው ቴንደን ነው። አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዘው ሊጋመንት ነው። እኛ ሁለቱንም ጅማት እንላቸዋለን፣ ነርቭንም ጅማት የሚል ሰው አለ። ይሄ ደግሞ የፈተና ጉዳይ ብቻ አይደለም። ስትሬን የጡንቻ ወይም የቴንደን ጉዳት ነው፣ ስፕሬን የሊጋመንት። ወለምታ የምንለው አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ነው። ሰውየው “ይደነዝዘኛል፣ ይነዝረኛል” ካለሽ ደግሞ ነርቭ ጠርጥሪ።

እንዴት እንደነቃሁ ልንገርሽ። የተግባር ፈተና ላይ አስተማሪዋ “ደንበኛው ሱፓይን ነው፣ ትራስ ደግፊለት” አለችኝ። ልጁ ፊቱን ወደ ጣሪያ አድርጎ ተንጋሏል። እኔ ግን ዓይኔን ትቼ ደብተሬን አስታወስኩ። ሱፓይንና ፕሮን ተምታቱብኝና ትራሱን ቁርጭምጭሚቱ ስር ከተትኩት። ልጁ ራሱ ሳቀብኝ። በጀርባ ለተኛ ሰው ትራሱ የሚገባው ጉልበቱ ስር ነው፣ ወገቡ እንዲያርፍ። ቁርጭምጭሚት ስር የሚገባው በሆዱ ሲተኛ ነው፣ ፕሮን ሲሆን።

ከዚያ ቀን ወዲህ ደብተር ዘጋሁ። ቃሉን በራሴ ሰውነት ላይ ነው ያጠናሁት። አሁን ተነሺና ቁሚ። ፊትሽ ወደፊት፣ እጆችሽ በጎንና በጎን፣ መዳፎችሽ ወደፊት ይዙሩ። አናቶሚካል ፖዚሽን ይሄ ነው፣ የአቅጣጫ ቃል ሁሉ የሚለካው ከዚህ አቋቋም ነው። ወደ ሰውነት መካከለኛ መስመር የቀረበው ሚዲያል፣ የራቀው ላተራል። እጅሽን እዪ፦ ትንሿ ጣት ሚዲያል ናት፣ አውራ ጣት ላተራል። ይሄን ደብተር ላይ አንብቤ አላምንም ብዬ ነበር። ግራና ቀኝ ደግሞ ሁልጊዜ የደንበኛው ናቸው፣ ያንቺ አይደሉም።

ረጃጅም ስሞች አያስፈሩሽ፣ ብዙዎቹ አድራሻ ናቸው። ስተርኖክላይዶማስቶይድን ውሰጂ። ከደረት አጥንትና ከአንገት ስር ካለው አግድም አጥንት፣ ከክላቪክል፣ ተነስቶ ከጆሮ ኋላ ያለችው ጉብ ያለች አጥንት ላይ የሚያርፍ ጡንቻ ነው። ጭንቅላትሽን ወደ ቀኝ አዙሪ፣ በግራ አንገትሽ በኩል ብቅ የሚለው እሱ ነው። ባይሴፕስ ባለ ሁለት ራስ፣ ትራይሴፕስ ባለ ሦስት፣ ኳድሪሴፕስ ባለ አራት። ጋስትሮክኒሚየስን መጀመሪያ ሳየው የጨጓራ በሽታ መስሎኝ ነበር! ባት ነው። ግሪኮቹ “የእግር ሆድ” ብለውት ነው።

ሌላ መልስ፦

ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ሥራ ላይ ስለሆንኩ የክሊኒኩን ቃላት ልጨምር። “ምልክት” የሚለው ቃላችንም ሁለት ነገር ይዟል። ደንበኛው የሚነግርሽ፣ ለምሳሌ “ያቃጥለኛል” ሲልሽ፣ ሲምፕተም ነው። አንቺ የምታዪውና የምትዳስሺው፣ እብጠትና መቅላት፣ ሳይን ነው። ሶፕ ኖት፣ ማለትም የደንበኛውን ሁኔታ የምንመዘግብበትን ማስታወሻ፣ ስትጽፊ የመጀመሪያው ሰብጀክቲቭ ስር፣ ሁለተኛው ኦብጀክቲቭ ስር ይገባል። አቀያይሬ ጽፌ ተመልሶብኛል።

አኪዩት ማለት የከፋ ሕመም ማለት አይደለም፣ ድንገት የጀመረና አዲስ ማለት ነው። ክሮኒክ የቆየው ነው። ቀላል ሆኖ ለዓመታት የቆየ ሕመምም ክሮኒክ ነው።

ኮንትራኢንዲኬሽን የሚለውን ግን እንደ ጸሎት ሸምድጂው፣ ማሳጅ የማይደረግበት ሁኔታ ማለት ነው። አንድ ባቱ ብቻ ያበጠ፣ የሞቀና የቀላ ሰው ከመጣ ባቱን እንዳትነኪው። ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። ስታሺው የረጋው ደም ተነቅሎ ሳንባ ውስጥ ያለ የደም ስር ሊዘጋ ይችላል። ዛሬውኑ ሐኪም ይየው በዪ። ትኩሳት ያለበትም ሰው ሌላ ቀን ይምጣ።

ጠያቂዋ፦

እግዜር ይስጥልኝ! መዳፌን አዙሬ ቆሜ አየሁት፣ እውነትም ትንሿ ጣት ሚዲያል ናት። አንዲት ነገር ብቻ ቀረችኝ። አብዳክሽንና አዳክሽን በጆሮዬ አንድ ናቸው።

መልስ፦

ለሁሉም ሰው አንድ ናቸው። ክንድሽን ከጎንሽ አርቀሽ አንሺው፣ አብዳክሽን። ወደ ጎንሽ መልሺው፣ አዳክሽን። “አብ” መራቅ ነው፣ “አድ” ወደ እሱ መቅረብ። ክፍል ውስጥ ስትናገሪ ግን “ኤ ቢ ዳክሽን”፣ “ኤ ዲ ዳክሽን” ብለሽ ፊደሎቹን ለያይተሽ ጥሪያቸው። አስተማሪዎቹም እንዲህ ነው የሚሏቸው።