ቅጠሉ ረግፎ ቀይ ፍሬው የሚቀረው ቁጥቋጦ ደሴ ላይ ይሆናል?

ጠያቂ፣ ደሴ
ሰላም ወገኖች። ሜሪላንድ ያለችው እህቴ የጓሮዋን ፎቶ ላከችልኝ። ዊንተርቤሪ ይሉታል። በብርዱ ወቅት ቅጠሉ ሙልጭ ብሎ ይረግፋል፣ ባዶው ቅርንጫፍ ላይ ቀይ ፍሬ ጥቅጥቅ ብሎ ይቀራል። በጣም ወድጄዋለሁ። ዘሩን ልላክልሽ ትላለች። እኛ ጋ ያፈራል? ልጆች ስላሉኝ ፍሬው ይጎዳ እንደሆነም ንገሩኝ።

የችግኝ ሰው፣ ኮምቦልቻ
እህቴ፣ ዘሩ ላይ አትቸኩዪ። ለመብቀል ብቻ ዓመት ተኩልና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል። ደግሞ እንደ ፓፓያ ወንድና ሴት አለው። ወንዱ አካባቢው ከሌለ ሴቷ ፍሬ አትይዝም። ከዘር የበቀለው የትኛው እንደሆነ እስኪያብብ አይታወቅም። ሲያብብ ጠጋ ብለሽ እዪ፤ አበባዋ መሃል አረንጓዴ ድብልብል ነገር ካለ ሴት ናት። ቢጫ ዱቄት የያዙ ክሮች ጎልተው ከታዩ ወንድ ነው።

ወሎዬ፣ ቨርጂኒያ
እውነቱን ነው። እዚህ የሚገዛው ጥንድ ተመርጦ ነው፤ «ዊንተር ሬድ» ለምትባለው ሴት «ሳውዘርን ጀንትልማን»፣ ለአጭሯ «ሬድ ስፕራይት» ደግሞ «ጂም ዳንዲ»። በአንድ ጊዜ ካላበቡ ዋጋ የለውም። ንብ የወንዱን ዱቄት እንድታደርስላቸው በ15 ሜትር ውስጥ ይተከላሉ፤ አንድ ወንድ ለብዙ ሴቶች ይበቃል። እርጥብና አሲዳማ አፈር ስለሚወድ አመድ አይደፋበትም።

የእኔ ስጋት የደሴ ብርድ አለመብቃቱ ነው። እዚህ ቅዝቃዜው ለወራት ቀን ከሌት ይቆያል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ብትሆንም በበጋ ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ ፀሐይ ነው። ፎቶው ላይ ያየሽውን አገኛለሁ ብለሽ ባትደክሚ ይሻላል። ኮምቦልቻማ ጭራሽ አይሞከርም። ፍሬው ለወፍ እንጂ ለሰው አይሆንም፤ ልጆች ከበሉት ያስመልሳቸዋል፣ ያስቀምጣቸዋል። ደግሞ ዘርም ሆነ ችግኝ ያለ ፈቃድና ያለ ዕፅዋት ጤና ሰርተፊኬት በሻንጣ አይላክም።

ደን ወዳድ፣ ደሴ
ዘመዱ እኮ አገራችን አለ፤ ምሳር ገንፎ። ደጋ ላይ፣ ወንዝ ዳር ይበቅላል፣ ቀይ ፍሬ ያፈራል። እሱም ወንድና ሴት አለው። ግን ቅጠሉ አይረግፍም፣ ትልቅ ዛፍም ይሆናል፤ ለጠባብ ግቢ አይመከርም።

እኔ ብሆን ቀጋ ነው የምተክለው። መጀመሪያ ነጭ አበባ፣ ቀጥሎ ቀይ ፍሬ። ልጆችም ይበሉታል። እሾሁ ደግሞ ጥሩ አጥር ነው፤ መተላለፊያ ላይ ብቻ አትትከዪው።

ጠያቂ፣ ደሴ
እግዜር ይስጥልኝ፣ ከብዙ ልፋት አዳናችሁኝ። ለእህቴ ዛሬውኑ እደውልላታለሁ። ለአጥሩ ቀጋ ይሁን። መቼ ልትከለው?

የችግኝ ሰው፣ ኮምቦልቻ
ጉድጓዱን አሁን ቆፍረሽ ኮምፖስት ጨምሪበት። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ፣ ዝናቡ አፈሩን በደንብ ሲያርሰው ትከዪ።