ኤኬቲ የተባለው ኢንዛይምና የአባቴ እግር መደንዘዝ

ጥያቄ (የባዮሜዲካል ሳይንስ ተማሪ፣ ጅማ)፦
ሰላም ለሁላችሁም። አባቴ ማና ውስጥ ቡና ያለማሉ፤ ስኳር ከታወቀባቸው ዓመታት አልፈዋል። ባለፈው ሳምንት ጫማቸውን ሲያወልቁ ካልሲያቸው በደም ርሶ አየሁ። እሾህ ተረከዛቸው ውስጥ ገብቶ ቀኑን ሙሉ ሲሠሩበት ውለው ምንም አልተሰማቸውም። እኛ የተማርነው ኤኬቲ የተባለው ኢንዛይም የነርቭ ሴልን ከሞት እንደሚጠብቅ፣ ኢንሱሊንም ይህንኑ ኢንዛይም እንደሚያነቃ ነው። ታዲያ ነርቫቸው የደነዘዘው ይህ መልእክት ስለጎደለበት ይሆን? ከሆነስ ኤኬቲን በመድኃኒት ማንቃት አይቻልም?

መልስ 1፦
ፈጣሪ ምሕረቱን ይላክላቸው። ግምትዎ መሠረት አለው፤ ሙሉ ግን አይደለም። ኢንሱሊን ወይም የነርቭ ዕድገት ፋክተር ከተቀባዩ ጋር ሲገናኝ ኤኬቲ ይነቃና ሴልን ወደ ሞት በሚገፋው ባድ በተባለው ፕሮቲን ላይ ፎስፌት የተባለ ኬሚካል ያኖርበታል፤ ያን ጊዜ ባድ የሴሉ ኃይል ማመንጫ ከሆነው ከማይቶኮንድሪያ ርቆ ስለሚያዝ ሴሉ ራሱን የሚያፈርስበት ሂደት ይገታል። በቤተ ሙከራ የሚያድጉ የጨቅላ አይጥ ሲምፓቴቲክ ነርቭ ሴሎች ይህን ፋክተር ሲነፈጉ በሁለት ቀን ገደማ አብዛኞቹ ይሞታሉ። ፋክተሩን ያገኙት ሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒና ስታንሊ ኮኸን በ1986 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። በስኳር ሕመም ግን ቀድሞ የሚጎዳው የሴሉ አካል ሳይሆን ከወገብ አካባቢ እስከ እግር ጣት አንድ ሜትር ገደማ የሚዘረጋው ጭራው ነው፤ ድንዛዜው ከእግር የሚጀምረውም ለዚህ ነው። የስኳሩ መብዛት፣ የጥቃቅን ደም ሥሮች ጉዳትና የደም ቅባትም ድርሻ ስላላቸው ሁሉንም በኤኬቲ ላይ መጫን አይገባም።

መልስ 2፦
ስለ መድኃኒቱ ልጨምር። ፒቴን የተባለው ፕሮቲን የኤኬቲ ልጓም ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ይህ ልጓም በአይጦች ላይ ሲነሣ የተጎዳ የዓይን ነርቭ መልሶ አድጓል፤ ነገር ግን በብዙ የሰው ካንሰሮች ውስጥ የጠፋው ይኸው ፒቴን ነው፤ ስለዚህ ኤኬቲን በመላ ሰውነት ማንቃት የሚያስፈራ ነገር ነው። ዛሬ በእጃችን ያለው ስኳሩን መቆጣጠር ነው፦ በ1993 እ.ኤ.አ. በታተመው ትልቅ ጥናት ጥብቅ ቁጥጥር በዓይነት 1 ሕሙማን ላይ የነርቭ ጉዳትን በ60 በመቶ ቀንሷል። በዓይነት 2 ግን ጥቅሙ ከዚህ ያነሰ ነው።

መልስ 3 (ነርስ)፦
እህቴ፣ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ዛሬውኑ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዷቸው። ከዚያ በኋላ በየማታው ውስጥ እግራቸውን በመስታወት ይመልከቱላቸው፤ ጫማቸውንም ከማጥለቃቸው በፊት በእጅ ይዳብሱት።

ጠያቂዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት ወስጃቸው ቁስሉ ታጥቦ ታሽጓል፤ የእሾሁ ስባሪም ወጥቷል። ሲወጣም ቢሆን ሕመሙ አልተሰማቸውም።