ግቢያችን ለአርብኔት ደረጃ 1 ይበቃል?

ዝግባ12፦ ሰላም ለሁላችሁ። የኮሌጅ ግቢያችንን አርቦሬተም (የተለያዩ ዛፎች በስብስብ ተይዘው ለሕዝብ የሚታዩበት ቦታ) አድርገን፣ ለአርቦሬተሞች በደረጃ ዕውቅና በሚሰጠው በአርብኔት ለማስመዝገብ አስበናል። 300 ያህል ዛፍ አለን፤ ግማሹ ባሕር ዛፍ ነው። ምን ይጠይቃሉ? ክፍያስ አለው?

የችግኝ ሰው፦ ክፍያ የለውም። የሚያስተዳድረው ኢሊኖይ የሚገኘው ሞርተን አርቦሬተም ነው፤ ከአሜሪካ ውጭ ያለም ማመልከት ይችላል። 300ውን ግን እርሱት፣ የሚቆጠረው ዝርያ ነው። ለደረጃ 1 ቢያንስ 25፣ ለደረጃ 2 100፣ ለ3 እና ለ4 500። ባሕር ዛፋችሁ ነጩም ቀዩም ቢኖር ሁለት ነው! ግንዱ እንጨት የሆነ ቁጥቋጦ ግን ይቆጠራል። ሌላው የጽሑፍ ዕቅድ፣ ኃላፊነት የሚወስድ ኮሚቴ፣ የሚንከባከብ ሠራተኛ ወይም በጎ ፈቃደኛ፣ ለሕዝብ ክፍት መሆን፣ በዓመት አንድ ዛፍ ተኮር ዝግጅት ነው። የክረምቱ ችግኝ ተከላ ሕዝብ ከተጋበዘበት ይሆናል። ደመወዝተኛና የስብስብ ፖሊሲ (ምን ዓይነት ዛፍ እንደሚሰበሰብና እንዴት እንደሚያዝ የሚገልጽ ጽሑፍ) የሚመጡት ደረጃ 2 ላይ ነው።

ወይራ ጥላ፦ ከባዱ መዝገቡ ነው። እያንዳንዱ ዛፍ ሳይንሳዊ ስሙ የተጻፈበት መለያ፣ ከየት እንደመጣና መቼ እንደተተከለ የሚናገር መዝገብ ይኑረው። «ጥድ» ብቻ ብላችሁ እንዳታልፉ። የሐበሻው ጁኒፐረስ ፕሮሴራ፣ የፈረንጁ ኩፕረሰስ ሉሲታኒካ ነው። ፍሬውን እዩ፤ የሐበሻው ትንሽ፣ ሥጋማና ጠቆር ያለ ሰማያዊ፣ የፈረንጁ እንደ እንጨት የጠነከረና ሲደርቅ የሚከፈት ነው። ፍሬ የሌለው የሐበሻ ጥድ ወንዴ ሊሆን ስለሚችል፣ ካጠራጠራችሁ ቅርንጫፉን በጋዜጣ መሃል ተጭናችሁ አድርቁና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ላለው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ማከማቻ) አሳዩ።

ቁጥሩን 2024-0031-ሀ በሚል ዓይነት ስጡ፦ የገባበት ዓመት፣ በዚያ ዓመት የገባበት ተራ ቁጥር፣ ከዚያ አብረው ከገቡት የትኛው ግንድ እንደሆነ የሚለይ ፊደል። የትኛውን ዘመን አቆጣጠር እንደምትጠቀሙ መዝገቡ ላይ አስፍሩ። 2016 ብላችሁ ብትተዉት ከአሥር ዓመት በኋላ የሚያነበው ሰው የእኛ ይሁን የፈረንጅ አይለይም። የሞተ ዛፍ ቁጥርም ለሌላ አይሰጥም።

ዝግባ12፦ መለያውን ግንዱ ላይ በሽቦ ብናስረውስ?

የችግኝ ሰው፦ ኧረ በፍጹም! ግንዱ ሲወፍር ሽቦው ልጡ ውስጥ ይቀበራል፣ ቅጠሉ የሠራው ምግብ ወደ ሥር መውረዱ ይቀራል፣ ዛፉ ይደርቃል። የአሉሚኒየም ሚስማር ይሻላል፤ አይዝግም፣ ዛፉ ሲቆረጥም እንደ ብረቱ የሞተር መጋዝ ጥርስ አይሰብርም። 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጭ አስቀሩለትና ከመለያው ጀርባ ትንሽ ሞላ አግቡ፣ ግንዱ ሲያድግ መለያውን እንዳይውጠው። በየዓመቱ እየዞራችሁ ሚስማሩን ሳብ አድርጉ። ለቀጭን ችግኝ መለያውን አጠገቡ በሚተከል ዘንግ ላይ አድርጉት። ጽሑፉን በቀለም አትጻፉ፣ ፀሐይ ታጠፋዋለች፤ በሚስማር ጫፍ መለያው ላይ ነጥብ በነጥብ እየወጋችሁ ጻፉት።