60 ዩሮ ይዤ ፓሪስ ፋርማሲ ልገባ ነው፣ ምን ልግዛ?

ሰሚት_72፦

ሰላም ቤተሰብ። በሚቀጥለው ወር ለስልጠና ፓሪስ አምስት ቀን እቆያለሁ። አበሉ ያው የምታውቁት ነው፤ ከምግብና ከሜትሮ ተርፎ ለራሴ የማወጣው ቢበዛ 60 ዩሮ ነው። የነገርኩት ሰው ሁሉ «የፈረንሳይ ፋርማሲ እንዳያመልጥሽ» ይለኛል። ቲክቶክ ላይ የማያቸው ሴቶች ደግሞ ቅርጫት ሞልተው ነው የሚወጡት፣ እኔ በዛ ገንዘብ የቅርጫቱን እጀታ እንኳን አልገዛም።

ስለ ፊቴ ልንገራችሁ። ግንባሬና አፍንጫዬ ወዛም ነው፣ ጉንጬ ግን በበጋ እንደ ብራና ይደርቃል። ብጉር ይወጣና ሲጠፋ ጥቁር ነጥብ ትቶልኝ ይሄዳል። ከጉንጬ ከፍ ብሎ ደግሞ ማድያት ጀማምሮኛል። እስከዛሬ የማውቀው ሳሙናና ቫዝሊን ነው። ሰንስክሪን፣ ያ የፀሐይ መከላከያ ክሬም፣ አንዴ እዚሁ ገዝቼ ነበር፤ ተቀብቼ ስወጣ ወንድሜ «ዱቄት ስትነፊ ነው እንዴ የዋልሽው?» አለኝና ጣልኩት።

በጣም ስሙ የገነነውን ሳይሆን ለብሩ የሚሆነውን ንገሩኝ። የት ነው የሚረክሰው? ስንት ነገር ልግዛ? ደግሞ ታክስ ይመለሳል ሲሉ ሰምቻለሁ፣ እውነት ነው?

ፓሪስ_18፦

እህቴ እንኳን ደህና መጣሽ በቅድሚያ። እዚህ 11 ዓመቴ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመት ያገኘሁትን ሁሉ እየገዛሁ መታጠቢያ ቤቴን መጋዘን አድርጌው ነበር፣ ስለዚህ ከእኔ ሞኝነት ተማሪ።

መጀመሪያ ማወቅ ያለብሽ፣ አረንጓዴ መስቀል የሚበራበት ቤት ሁሉ ፋርማሲ ነው፣ ግን የክሬም ዋጋ ከቤት ቤት ይለያያል። ባለቤቱ የፈለገውን ነው የሚለጥፈው። ያው አንድ ቱቦ ሆቴልሽ አጠገብ 20 ዩሮ ሆኖ ሁለት ሜትሮ ጣቢያ አልፈሽ 14 ልታገኚው ትችያለሽ። ቱሪስቱ ሁሉ የሚጋፋበት ሲቲፋርማ የሚባለው ነው፣ ሳን ዠርማን ዴ ፕሬ፣ ሩ ዱ ፉር ላይ። እውነትም ርካሽ ነው። ግን ቅዳሜ ከሰዓት ከሄድሽ የመርካቶ የበዓል ዋዜማ በይው፣ በዛች ጠባብ መተላለፊያ ከነቅርጫትሽ ትቀረቀሪያለሽ። በስራ ቀን ጠዋት እንደከፈቱ ሂጂ። እዛ ካልተመቸሽ ፕላስ ሞንዥ ያለው ፋርማሲ ሞንዥም አለ። ከከተማ ወጣ የምትይ ከሆነ ደግሞ ለክሌር ሱፐርማርኬት ውስጥ ያለው የመዋቢያ ክፍል ዋጋው አሪፍ ነው። ሞኖፕሪ የሚባለውን ሱፐርማርኬት ግን ለችኮላ ካልሆነ አልመክርሽም።

አሁን ወደ ዕቃው። እኔ ብሆን ከ60ው ትልቁን ድርሻ ለሰንስክሪን እሰጣለሁ። የላ ሮሽ ፖዜ አንቴሊዮስ ዩቪሚዩን 400 የሚባለውን ፈሳሹን ፈልጊ፣ 50 ፕላስ የሚለውን። ዱቄት አያደርግሽም፣ እኔ ከአንቺ ባልጠቁር ነው፣ ፊቴ ላይ ጠፍቶ ነው የሚቀረው። አልኮል ስላለው ዓይን አካባቢ ትንሽ ያቃጥላል፣ እሱን ተጠንቀቂ። ዋጋው እንደ ቤቱ ከ13 እስከ 18 ዩሮ ይሆናል።

ሁለተኛ ዴክሴሪል። ይሄን ማንም ቲክቶክ ላይ አያሳይሽም ምክንያቱም ቱቦው አያምርም፣ የሆስፒታል ነገር ይመስላል። ውስጡ ግሊሰሪን፣ ቫዝሊንና ፓራፊን ነው። ቫዝሊንሽ ውጭ አገር ተምሮ መጣ በይው። ትልቁ 250 ግራም ሆኖ ከአንድ ምሳ ያነሰ ዋጋ ነው ያለው። ለጉንጭሽ፣ ለክንድሽ፣ ለእግርሽ ይበቃል፣ ወዛሙ ግንባርሽ ላይ ግን አታድርጊው።

ሦስተኛ ሲካፕላስት የሚባል ቅባት፣ ትንሿ 40 ሚሊ። ብጉሩ የቆሰለበት፣ የተላጠበት፣ በብርድ የተሰነጠቀ ከንፈር ላይ ነጠብ ታደርጊያለሽ። 5 በመቶ ፓንቴኖል አለው፣ ወፍራም ነው፣ ትንሽ ነው የሚበቃው።

የማትገዢውን ልንገርሽ ደግሞ። ያ በቆርቆሮ የሚረጨው የምንጭ ውሃ። አቬን፣ ላ ሮሽ ፖዜ፣ ቪሺ፣ ዩሪያዥ የሚሉት ብራንዶች ስማቸው ሁሉም የቦታ ስም ነው፣ ሰዉ ለሕክምና ሄዶ የሚታጠብበት ምንጭ ያለበት፣ ልክ እንደ እኛ ፍልውሃ። የሚገርምሽ የአቬኑም የላ ሮሽ ፖዜውም አፈ ታሪክ ላይ አንድ ቆዳው የታመመ ፈረስ አለ፣ ውሃው ውስጥ ገብቶ ዳነ ይባላል። እንዴት ሁለቱም ጋ ፈረስ እንደሆነ አትጠይቂኝ። ብቻ ቆርቆሮው ውስጥ ያለው የዛ ምንጭ ውሃና የሚገፋው ናይትሮጅን ነው፣ ሌላ የለውም። ደስ ይላል፣ ቀዝቀዝ ያደርጋል፣ በ60 ዩሮ ግን የሚገዛ አይደለም።

አንድ ነገር ረስቼ፦ ስትከፍዪ በፈገግታ «ኤሻንቲዮን?» በያቸው። ናሙና ማለት ነው። ሁሌ አይሰጡም፣ ሲሰጡ ግን ሦስት አራት ትንንሽ ከረጢት ይጨምሩልሻል። እኔ ግማሹን ነገር የሞከርኩት በነጻ ነው።

ቡና_በጨው፦

ባዮደርማን ሳትጠቅሺ? ሮዝ ክዳኑ ውሃ ለኔ ከሁሉም ይበልጣል። ከ1995 ጀምሮ ያለ ነገር ነው፣ ሜካፕ በአንድ ጥጥ ጥርግ ያደርጋል።

ፓሪስ_18፦

ሆን ብዬ ነው የተውኩት። ልጅቷ ሜካፕ እቀባለሁ አላለችም እኮ። ሜካፕ የምትቀባ ከሆነ በደስታ ትግዛ፣ ግማሽ ሊትሩ ብዙ ጊዜ ሁለት ሁለት ታስሮ በቅናሽ ይሸጣል። ካልሆነ ግን ግማሽ ሊትር ውሃ ተሸክሞ አዲስ አበባ መግባት ነው ትርፉ። ደግሞ ርካሽ ከተባለ እዚህ የፈረንሳይ እናቶች የሕፃን መቀመጫ የሚጠርጉበት ሊኒማን የሚባል ነገር አለ፣ የወይራ ዘይትና የኖራ ውሃ ነው፣ ሜካፕ እሱም ያስለቅቃል። የዋህ ነገር ነው። ግን ቅባት ስለሆነ ለወዛም ፊት አልመርጠውም።

መድኃኒት_ቤት፦

ፋርማሲስት ነኝ፣ እዚሁ አዲስ አበባ። ፓሪስ_18 ባለችው በአብዛኛው እስማማለሁ፣ ሁለት ሦስት ነገር ልጨምር።

እህቴ፣ ማድያት ያለው ሰው ሰንስክሪን ካልተቀባ ሌላው ሁሉ ገንዘብ መጣል ነው። ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ነው ያለችው፣ ብርድ ስለሆነ ፀሐይዋ የዋህ ትመስላለች እንጂ አይደለችም። ማድያትን የሚያብሰው ደግሞ አልትራቫዮሌቱ ብቻ ሳይሆን በዓይን የምናየው ብርሃንም ነው። እሱን የሚከላከለው ቀለም ያለው ሰንስክሪን ነው፣ ውስጡ አይረን ኦክሳይድ የተጨመረበት። ችግሩ ፈረንሳይ ውስጥ ቀለሙ ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት አይነት ብቻ ሆኖ ለነሱ ቆዳ የተቀመመ ነው። ስለዚህ መዳፍሽ ላይ ሳይሆን መንጋጋሽ ላይ ሞክሪው፣ ካልሄደልሽ ቀለም የሌለውን ያዢና ኮፍያ ጨምሪ። ዱቄት ያደረገሽ የድሮው ሰንስክሪን ምናልባት ዚንክ ኦክሳይድ ወይም ቲታኒየም የበዛበት ነው፤ መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ ለጥቁር ቆዳ አይመችም።

መጠኑን ልብ በዪ። ለፊትና ለአንገት በሁለት ጣት ርዝመት ልክ ነው የሚቀባው። በዚህ መጠን በየቀኑ ከተቀባሽ 50 ሚሊ ከወር ተኩል ብዙም አይዘልም። ለዚህ ነው አምስት አይነት ክሬም ከምትገዢ ሁለት ሰንስክሪን ብትገዢ የምለው። ዋጋው ከበዛብሽ ደግሞ የሱፐርማርኬቱም ይሠራል፣ አውሮፓ ውስጥ በክብ የተከበበ «ዩቪኤ» የሚል ምልክት ካለው ዩቪኤ ከሚባለው የአልትራቫዮሌት ጨረርም የሚያስፈልገውን ያህል ይከላከላል ማለት ነው።

ሌላው፣ ሁሉንም በአንድ ቀን አትጀምሪ። አንዱን ክንድሽ ላይ ሞክሪ፣ ደህና ከሆነ ፊትሽ ላይ፣ ከሳምንት በኋላ ሌላኛውን። አለበለዚያ ፊትሽ ቢያብጥ የቱ እንደሆነ አናውቅም። እዛ ፋርማሲ ያለ ሐኪም ወረቀት የሚሸጥ ኤ313 የሚባል የቫይታሚን ኤ ቅባት አለ፣ ርካሽ ነው፣ ሰዉም ይወደዋል። እሱ መድኃኒት ነው፣ ክሬም አይደለም። እርጉዝ ከሆንሽ ወይም ለማርገዝ ካሰብሽ አትንኪው።

የመጨረሻው ቁጣ ነው፣ ይቅርታ። ማድያት አለኝ ስትዪ «የሚያነጣ» የሚሉሽ ሰዎች ይመጣሉ። ሃይድሮኪኖን ያለበት ማንጫ አውሮፓ ውስጥ ከ2001 ጀምሮ በመዋቢያ ውስጥ የተከለከለ ነው። ሆኖም እዛም እዚህም በጓሮ በር ይሸጣል፣ አንዳንዱ ውስጥ ጠንካራ ስቴሮይድ አለበት። መጀመሪያ ያበራሻል፣ ከዛ ቆዳሽ ይሳሳል፣ ስታቆሚው ብሶ ይመጣል። በየሳምንቱ ፊታቸውን በሻርፕ ሸፍነው የሚመጡ ልጆች አሉኝ።

ፓሪስ_18፦

ስለ ማንጫው ልክ ነህ ወንድሜ። እኔ ሰፈር ሻቶ ሩዥ አካባቢ እንደ ከረሜላ ነው የሚሸጠው።

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦

ከአሜሪካ ነኝ። ከዚህ ለማስላክ ለምታስቡ ሰዎች፦ እዚህ ያለው አንቴሊዮስ ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ውስጡ የአውሮፓው አይደለም። አሜሪካ ሰንስክሪንን እንደ መድኃኒት ነው የምትቆጥረው፣ ዩቪሚዩን ውስጥ ያለው ሜክሶሪል 400 የሚባለው ጨረር ተከላካይ እዚህ አልተፈቀደም። ስለዚህ «ዲሲ ያለችው አክስቴ ትልክልኛለች» ብለሽ ፓሪስ ላይ እንዳትተዪው። እኔ ራሴ በፓሪስ ትራንዚት የሚያልፍ ሰው ሳገኝ ነው የማስመጣው።

ሰሚት_72፦

ውይ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ይሄን ሁሉ አልጠበቅኩም። ታክሱስ? ከሥራ ባልደረባዬ ጋር አንድ ላይ ከፍለን 100 ብናደርሰውስ?

ፓሪስ_18፦

አይሆንም ማሬ። የሚመለሰው ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሚኖር፣ ከ100 ዩሮ በላይ ለገዛ ሰው ነው፣ ያውም በአንድ ሰው ስምና ፓስፖርት። ከተመለሰው ላይም የአገልግሎት ይቆረጣል። ጥቂት ዩሮ ለማስመለስ 40 ዩሮ ጨምሮ ማውጣት ምን የሚሉት ቁጠባ ነው? እርሺው። ይልቅ ሻንጣሽን አስቢ፦ በእጅ የምትይዢው አንዱ ዕቃ ከ100 ሚሊ በላይ ከሆነ ሻርል ደ ጎል ኤርፖርት ፍተሻ ላይ ሊወስዱብሽ ይችላሉ። ትልቁን ዴክሴሪል ወደሚጫነው ሻንጣ አስገቢ።

ቡና_በጨው፦

እኔ አሁንም ባዮደርማ እላለሁ 😄

ሰሚት_72፦

ተመለስኩ፣ ሪፖርት ላድርግ። ማክሰኞ ጠዋት ሩ ዱ ፉር ሄድኩ፣ ያም ሆኖ ሰልፍ ነበር። ሁለት አንቴሊዮስ፣ አንድ ትልቁ ዴክሴሪል፣ አንድ ትንሿ ሲካፕላስት፣ ጠቅላላ 43 ዩሮ ከሳንቲም። ቀለም ያለውን መንጋጋዬ ላይ ሞከርኩት፣ ብርቱካን አደረገኝ፣ መለስኩት። ያ ቆርቆሮ ውሃ እጄ ላይ ገብቶ ነበር፣ ፈረሱ ትዝ ብሎኝ ሳቄ መጣና አስቀመጥኩት። «ኤሻንቲዮን» ስል ሴትየዋ ሁለት ከረጢት ሰጠችኝ፣ አንዱ የሽበት ሻምፖ ነው፣ ምን አይታብኝ እንደሆነ እንጃ።

ሰንስክሪኑ ስድስተኛ ሳምንቱ ነው። ማድያቱ አልጠፋም፣ ግን አልጨመረም። አዳዲሶቹ የብጉር ነጥቦች እንደ ድሮው አይጠቁሩም መሰለኝ፣ ወይም እኔ ማየት ስለፈለግኩ ነው። የጉንጬ ድርቀት ግን በዴክሴሪል ብቻ ጥርግ ብሏል።

አንድ ችግር አለ። ሲካፕላስቷን ወንድሜ ጺሙን በተላጨ ቁጥር እየቀባ ጨርሶብኛል። በዚህ ሰሞን ከፓሪስ የሚመጣ ሰው አለ?