ፌልፕስ ከለንደን በኋላ መመለስ ነበረበት?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካዊው ዋናተኛ ማይክል ፌልፕስ ከ2012ቱ (እ.ኤ.አ.) የለንደን ኦሊምፒክ በኋላ በቃኝ ብሎ በ2014 ተመለሰ። እኔ እዛው ላይ ቢያበቃ ደስ ይለኝ ነበር፣ ከቤጂንጉ 8 ወርቅ በላይ ምን ሊጨምር? እናንተስ?

መልስ፦
በፍጹም አልስማማም! ለንደን ላይ የ200 ሜትር ቢራቢሮ ዋናን (ሁለቱን እጆች አንድ ላይ እየወረወሩ የሚዋኙበትን ስልት) እየመራ መጥቶ፣ መጨረሻ ላይ አንዴ ከመቅዘፍ ይልቅ ተንሸራቶ ግድግዳውን ሊነካ ሲል ደቡብ አፍሪካዊው ቻድ ለ ክሎስ በ0.05 ሰከንድ ቀደመው። በ15 ዓመቱ ሲድኒ ላይ 5ኛ የወጣበት፣ የራሱ የሚባል ርቀት እኮ ነው። ሪዮ ላይ በ31 ዓመቱ አስመለሰው። ይሄን ሳናይ ብንቀር ይቆጨን ነበር።

ሌላ መልስ፦
መመለሱ ጥሩ ነው፣ ግን ቤጂንግን የሚያህል የለም። በዚሁ ርቀት መነጽሩ ውሃ ሞልቶበት፣ ግድግዳው በቅጡ ሳይታየው፣ ቅዘፋውን እየቆጠረ 1:52.03 ገባ። የዓለም ክብረ ወሰን! አሰልጣኙ ቦብ ቦውማን ልምምድ ላይ ሆን ብሎ ችግር እየፈጠረ ነው ያዘጋጀው።

ጠያቂ፦
እሺ፣ የለንደኑን አጨራረስ አሁን ደግሜ አየሁት፣ ያማል። ከሪዮ 5 ወርቆች ስንቱ የቅብብል ነው?

መልስ፦
3ቱ። በግሉ 200 ቢራቢሮና 200 ድብልቅ (አራቱም የዋና ስልቶች በየተራ የሚዋኙበት)።