ለቤተሰብ ልንገር ወይስ ዝም ልበል?

የሞጣው፦ 29 ዓመቴ ነው፣ የምሠራው ባሕር ዳር። የምወደው ወንድ ነው፤ ቤተሰቤ አያውቅም። አባዬ ሽማግሌ ልኮ ለጥር ቀን ተቆርጧል። እሑድ ስሄድ ብቅሉ ደጅ ተሰጥቷል፣ እማዬ ጌሾ ትወቅጣለች። ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ያንተን ሳልድስ አልሞትም» አለች። ልንገራቸው?

ዲያቆኑ፦ ኃጢአት ለንስሐ አባት እንጂ ለእናት አይነገርም። ግሽ ዓባይ ውረድና ተጠመቅ።

ነርሷ፦ እኔም እጠመቃለሁ ዲያቆን። ግን ይሄ በሽታ አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከበሽታ መዝገቡ ካወጣው ከ1982 ዓ.ም. ወዲህ ስንት ዓመት ሆነው!

ሕግ አጥኚው፦ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 በቀላል እስራት የሚቀጣው ድርጊቱን ነው፤ «እንዲህ ነኝ» ማለትን አይልም። ግን አጎትህ ተናዶ ጣቢያ ቢሄድ ይህን ማን ያስረዳልሃል? አትንገር።

ዜጋ ከማርቆስ፦ (ዜጋ የምንባባለው እኛው፣ እንዳንተ ወንድ የምንወድ ወንዶች ነን።) ከሦስት ዓመት በፊት ለታላቅ እህቴ ነገርኳት። ሁለት ወር ስልኬን አላነሣችም። ከዚያ ራሷ ደወለችና «በልተሃል?» አለች። ስለ ነገሩ እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልተነፈሰችም፤ የጋብቻ ወሬ ሲነሣ ግን ቀድማ የምታስቀይሰው እሷ ናት። ለሁሉም አትንገር፣ ለአንድ ሰው ንገር።

የደንበጫዋ፦ ስለ እሱ ብቻ ነው የምታወሩት። ልጅቱስ? እኔ እንዲህ ያለ ሰው አግብቼ ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ። ማታ ፊቱን ወደ ግድግዳ ሲያዞር ምን ጎደለኝ እያልኩ ቅቤ ስቀባ፣ ወይባ ስሞቅ። አማቴ መካን አለችኝ። የነገረኝ ከተፋታን በኋላ ነው። ያን ቀን ያለቀስኩት ለእሱ አልነበረም።

ሕግ አጥኚው፦ እሺ፣ ሰርጉን ያፍርስ፤ ምክንያቱን ግን ይያዝ።

የደንበጫዋ፦ ዝም ብሎ ቢያፈርስ «ምን አግኝቶባት ነው?» ይሏታል። አገሩን እያወቅከው! ጥፋቱን በራሱ ላይ ያድርግ።

ዲያቆኑ፦ በዚህስ እውነት አላት። ሰው ማታለል እሱም ኃጢአት ነው።

የሞጣው፦ ስሟን እንኳ አባዬ አንዴ ብቻ ነው የነገረኝ። አሁን ማታ ደውዬ «ዕዳ ውስጥ ነኝ፣ ሽማግሌዎቹ ይቅርታ ይጠይቁልኝ» እለዋለሁ። እህቴ ፍኖተ ሰላም ናት፤ ቅዳሜ እሷ ጋ እሄዳለሁ። ለእማዬ ገና ነኝ።