ከማኅበር መዝገብ ወደ ዳታ ሳይንስ፦ የሶሺዮሎጂ ምሩቅ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)

ጤና ይስጥልኝ። በሶሺዮሎጂ ከተመረቅሁ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። የምሠራው በአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው፤ የአባላቱን መዝገብ፣ የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ሥርጭቱን የምይዘው እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት በወረቀት ከመዘገብን በኋላ ኮምፒውተር ሲመጣልን ኤክሴልን እየነካካሁ ለመድሁት። ከዚያ ወዲህ ልቤ ከቁጥሩ ጋር ቀረ። ዩሪያ ዘግይቶ የወሰደው የትኛው ቀበሌ ነው፣ በመኸሩስ ስንት ኩንታል በቆሎ አስገባ እያልሁ ሳገላብጥ ይመሻል።

ዳታ ሳይንስ መማር እፈልጋለሁ። አንድ የሥልጠና ተቋም በሦስት ወር ባለሙያ እናደርግሻለን ብሎኝ ከደመወዜ ያጠራቀምሁትን ከፈልሁ፤ ያገኘሁት የተቀዳ ቪዲዮና የምስክር ወረቀት ብቻ ነው። ዳግም እንዳልሳሳት ብዬ ነው የምጠይቃችሁ። ላፕቶፔ ባለ 4 ጊጋባይት ራም ነው፤ መብራትም በየጊዜው ይጠፋል። ሒሳብ ከተውሁ ቆይቻለሁ። ከየት ልጀምር? ከሶሺዮሎጂ የመጣ ሰውስ በእውነት ሥራ ያገኛል?

መልስ (ከባሕር ዳር፣ በባንክ የመረጃ ተንታኝ)

እህቴ፣ ስለ ገንዘብሽ አዝናለሁ። ከእንግዲህ ለመጀመሪያው ዓመት ትምህርት አንድ ብር አትክፈዪ። ሐምሌ 2016 የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች ሥልጠና በነጻ የሚሰጥ ሲሆን የዳታ ሳይንስ መሠረታዊ ትምህርትም አለበት። ስታትስቲክስን ደግሞ ካን አካዳሚ በሚባለው የትምህርት ድረ ገጽ ላይ በነጻ ታገኚዋለሽ።

እኔ የምመክርሽ ቅደም ተከተል ኤክሴል፣ ቀጥሎ ኤስኪውኤል (ከመረጃ ቋት መረጃ መጠየቂያ ቋንቋ)፣ ከዚያ ፓይተን (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) ነው። ኤክሴል በአንድ ገጽ የሚይዘው 1,048,576 ረድፍ ነው፤ የማኅበርሽ መዝገብ እዚያ አይደርስምና ለጊዜው ይበቃሻል። ኤስኪውኤልን በኤስኪውላይት ተለማመጂ፤ የመረጃ ቋቱ አንድ ፋይል ብቻ ነው፣ ኢንተርኔትም አይፈልግም። ፓይተንም አንድ ጊዜ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ኔትወርክ ካለበት ቦታ አውርደሽ በፍላሽ መያዝ ትችያለሽ። ላፕቶፕሽ ለዚህ ሁሉ ይበቃል፤ አዲስ ለመግዛት ብለሽ አትበደሪ።

ሥራውን በተመለከተ፣ በአገራችን ማስታወቂያ ላይ «ዳታ ሳይንቲስት» የሚል መደብ ብቻ አትፈልጊ። «ክትትልና ግምገማ»፣ «የመረጃ ባለሙያ» የሚሉትንም ተመልከቺ። እነዚህ መደቦች የማኅበራዊ ሳይንስ ምሩቃንን ይቀበላሉ፤ በር የሚከፍቱልሽም እነሱ ናቸው።

መልስ (ከደብረ ማርቆስ፣ ነርስ የነበርሁ)

በቅደም ተከተሉ አልስማማም። ቅድሚያ ስታትስቲክስ ይሁን፤ ያለዚያ ፓይተን የተሳሳተውን ነገር በፍጥነት ማውጫ ይሆናል።

እኔ ከጤና ጣቢያ ነው የመጣሁት። ወርሃዊ ሪፖርታችንን ዲኤችአይኤስ2 በሚባለው ሥርዓት እናስገባ ነበር። አንድ ወር ላይ የወባ ሕሙማን ቁጥር በድንገት ከፍ ብሎ ሁላችንም ደነገጥን። ቁጭ ብዬ ከወረቀቱ ጋር ሳመሳክር የአንድ ጤና ኬላ ቁጥር ሁለት ጊዜ ተደምሮ አገኘሁት። ያን ቀን ፓይተን የሚባል ነገር አላውቅም ነበር። ነርስ ስለነበርሁ ግን በዚያ ወቅት ያን ያህል ወባ እንደማይኖር አውቄያለሁ።

ስለ ዩሪያው ያነሳሽው ነገር ደግሞ በጣም ደስ ብሎኛል፤ ነገር ግን ተጠንቀቂ። ዘግይቶ የወሰደው ገበሬ ያነሰ ምርት ቢያስገባ ምክንያቱ መዘግየቱ ነው ማለት አይደለም። የሚዘገየው ምናልባት ገንዘብ ያጠረው፣ በሬ የሌለው፣ ቤቱ ከመንገድ የራቀው ይሆናል። ምርቱን የቀነሰው ያው ችግር ሊሆን ይችላል። ይህን ጥያቄ ሶሺዮሎጂ አስተምሮሻል፤ ብዙ የኮምፒውተር ምሩቃን በኋላ የሚማሩት ነው።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንግዲያው ያስቸገረኝን ላቅርብ። የአምስት አባላት የበቆሎ ምርት 12፣ 14፣ 15፣ 16 እና 63 ኩንታል ተብሎ ተመዝግቧል። አማካዩ 24 ሆነ። አራቱ ገበሬዎች ግን ከ24 በታች ናቸው። ይህን ቁጥር ለሥራ አስኪያጁ ማቅረብ ከበደኝ። 63ን ልሰርዘው?

መልስ (ከመርዓዊ፣ ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ መምህር)

ልጄ፣ ምንም አትሰርዢ። በመጀመሪያ ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድሪና የመሐሉን ውሰጂ፤ 15 ነው። ሚዲያን ይባላል። አንድ የገነነ ቁጥር አማካዩን ሲጎትተው ሚዲያኑን አያናውጠውም።

በዚህ ብቻ ግን አትለፊው። 63ን ለ4 አካፍዪ፤ 15.75 ይመጣል። በእኛ አካባቢ አንድ ቃዳ ሩብ ሄክታር ነው። አራቱ የቃዳ ምርት፣ አምስተኛው የሄክታር ምርት ሆኖ ተጽፎ እንደሆነስ? እንዲህ ከሆነ አምስቱም ገበሬዎች ተቀራራቢ ናቸው ማለት ነው። ነገር ግን ይህ የእኔ ግምት ነው፤ በግምት አታስተካክዪ። የወረቀቱን መዝገብ እዪ፣ ከተቻለም ገበሬውን ጠይቂ። ሒሳብ ተውሁ ብለሽ የምትፈሪው በከንቱ ነው። ማካፈል ታውቂያለሽ፣ ቃዳም ታውቂያለሽ፤ ቃዳን የማያውቅ ተንታኝ ይህን ቁጥር ወይ ይሰርዘዋል ወይ እንዳለ ያልፈዋል።

መልስ (ከባሕር ዳር፣ የባንኩ)

የመምህሩ መልስ የእኔን ቅደም ተከተል አስለውጦኛል፤ በመዝገብሽ ጀምሪ። ሁለት ነገር ልጨምር።

አንደኛው ስም ነው። ኃይሉ፣ ሀይሉ እና ሃይሉ ለእኛ አንድ ሰው ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ሦስት። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ የተቀላቀሉበትን ስም በአንድ ፊደል አስተካክለሽ በሌላ ዓምድ ያዢ፤ የመጀመሪያውን ግን አታጥፊው። እንዲህ ካላደረግሽ አንዱ ገበሬ ሁለት ሰው ይመስልሻል፤ ሁለት ጊዜ ማዳበሪያ ቢወስድም አይታይሽም።

ሁለተኛው ቀን ነው። ኤክሴል የእኛን ዘመን አቆጣጠር አያውቅም። ጥቅምት 30 ቀን 2016ን 30/2/2016 ብለሽ ብትጽፊ ፌብሩዋሪ 30 ቀን ስለሌለው እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። ጥቅምት 5ን ግን ያለ ቅሬታ የፈረንጅ ቀን አድርጎ ይቀበልሻል፤ የባሰው ይህኛው ነው፣ ስሕተቱ አይታይምና። ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን በሦስት የተለያዩ ዓምዶች ጻፊ። ፓይተን ስትደርሺ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር የምትቀይሪበትን መንገድ ራስሽ ትሠሪዋለሽ፤ ጥሩ የመጀመሪያ ልምምድ ይሆንሻል።

ይህን ሁሉ ስትጨርሺ፣ የአባላቱን ስም አውጥተሽና ማኅበሩን አስፈቅደሽ፣ ምን ችግር አግኝተሽ እንዴት እንዳረምሽው በሁለት ገጽ ጻፊው። ሥራ ስትጠይቂ ከምስክር ወረቀቱ ይልቅ እሱን አሳዪ። እኔ ሰው ስቀጥር ቀድሜ የማየው እንዲህ ያለውን ነው።

ጠያቂዋ

ዛሬ ጠዋት የወረቀቱን መዝገብ ከመደርደሪያ አወረድሁት። ባለ 63ቱ ገበሬ በሌላ እጅ ጽሕፈት ነው የተመዘገቡት፤ ከኅዳግ ላይ በእርሳስ «በሄ» የሚል ደብዛዛ ጽሑፍ አለ። ቅዳሜ ለገበያ ሲመጡ ራሳቸውን እጠይቃለሁ። እስከዚያው በኤክሴሉ ላይ «መለኪያ» የሚል አንድ ዓምድ ጨምሬ ከመጀመሪያው ረድፍ መሙላት ጀምሬያለሁ፤ እስካሁን 40 ደርሻለሁ።